በአልጋ ላይ የወጣ ገጣባ

በቅሎ ጭኖ አገር ላገር ሲዞር ዕድሜውን የጨረሰ፣ ድንበሩ የሚባል አንድ ነጋዴ ነበር። ጨው ይዞ ይወርዳል፣ ማርና ቅቤ ይዞ ይወጣል። ሽፍታ ያለበትን ጫካ፣ የሞላውን ወንዝ፣ ፍየል የማትደፍረውን ገደል ሁሉ አልፎ አንድ አጥንቱ ሳይነካ ሸመገለ። ከዚያ ንግዱን ተወና ከልጁ ከታረቀኝና ከምራቱ ከማሪቱ ጋር ተቀመጠ። አንድ ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲወጣ፣ በገዛ ደጃፉ፣ በየቀኑ በሚረግጣት ድንጋይ ላይ አዳልጦት ወደቀና ጭኑ ተሰበረ።

ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ተጉዞ መጣና አጥንቱን በእጁ እየዳበሰ ገጣጠመው፤ ግራና ቀኝ በሽንበቆ ደግፎም በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። ሌላ ሰው እየጠበቀው ስለነበር እጁን ታጥቦ፣ የቀረበለትን ቀመስ አድርጎ በጥድፊያ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣

«አደራ፣ አርባ ቀን እንዳይነቃነቅ» አለና ሄደ።

ማን እንዳይነቃነቅ? እግሩ ነው ወይስ ሰውየው? ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል። በዚያ ቤት ግን ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ታረቀኝ አባቱን የሚወድ ልጅ ነበር፤ የሰማውን አደራ በትልቁ ወሰደው።

«ሰምታችኋል» አለ ቤተሰቡን ሰብስቦ። «አርባ ቀን ሙሉ ማንም እንዳይነካው። ብትነካኩት አባቴ ሽባ ሆኖ ይቀራል።»

በጠፍር አልጋ ላይ ከቤቱ ካለው ቁርበት ደህናውን አንጥፈው ድንበሩን በጀርባው አንጋለው አስተኙት። አዲስ ጋቢም አለበሱት።

ማሪቱ አማቷን የምታየው እንደ ወላጅ አባቷ ነበር። ሙሽራ ሆና በመጣችበት ዓመት እናቷ ስትሞት፣ የራሱን ሥራ ትቶ በበቅሎው አፈናጦ ለቅሶ ያደረሳት እሱ ነው። አሁን ተራው የእሷ ሆነ። አጥሚቱን በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩንም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ታጥበዋለች። ከጋቢው ስር ያለውን ግን አታይም። ምራት የአማቷን ገላ ማየት በዚያ አገር ነውር ነው። ታረቀኝ ደግሞ የአባትን ገላ ያየ ልጅ እርግማን ያገኘዋል ብሎ ያምናል። ስለዚህ አባቱ ለመጸዳዳት ሲፈልግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በጋቢው ስር በዳበሳ ዕቃውን ያቀርብለታል፤ እንዲሁ ፊቱን እንዳዞረ ያነሳለታል። ሁሉም ነገር በክብር ይሠራ ነበር።

ጠያቂውም ብዙ ነው። ሽማግሌ በገባ ቁጥር ድንበሩ እንደ ወጉ ከትራሱ ቀና ሊል ይሞክራል። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ተረባርቦ፣ «ኧረ በማርያም፣ አይነሱ፣ ይረፉ» እያለ መልሶ ያስተኛዋል። ሽማግሌውም «እግዜር ይማርዎ» ይልና ተቀምጦ ስለ ዝናቡ ያወራል።

በሰባተኛው ቀን ገደማ ድንበሩ ማሪቱን ጠራት።

«ልጄ፣ ጀርባዬን አቃጠለኝ።»

«ምኑ ላይ ነው አባባ?»

«ታች ነው… መቀመጫዬ ላይ» አለና አፈረ።

እሷም አፈረች። «ይቻሉት አባባ፣ አርባ ቀን ነው፤ በእግዜር ቸርነት ያልፋል» አለችው። ደግማ አልጠየቀችውም፤ እሱም ደግሞ አልነገራት።

በአሥረኛው ቀን እግሩን ስታጥብ ተረከዙ ላይ አንድ የጠቆረ ነገር አየች። ቆሻሻ መስሏት አሸት አሸት አደረገችው፤ አልለቀቀም። በጣቷ ጫን ስትለው ውስጡ የበሰለ ፍሬ ይመስል ሰረጎደ። ለባሏ ነገረችው።

«ከስብራቱ የወረደ ደም ነው» አላት።

ተረከዙ ያልተሰበረው እግር ተረከዝ ነበር። ማሪቱ ይህን ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። ልጅየው እሱ ነው፤ አባቱም የእሱ አባት ነው፤ እሷ ምን አግብቷት ትከራከራለች?

አሥራ አምስት ቀን ሲሆን ቤቱ መሽተት ጀመረ። አሪቲ ቆርጠው ጎዘጎዙበት። አንዲት ጎረቤት፣ «በሽታው ከውስጥ እየወጣ ነው፤ ተዉት ይውጣ» አለች፤ የተቀመጡትም አሜን አሉ። በሽተኛው ግን ቀን በቀን እያነሰ ሄደ። አጥሚቱን በአፉ ይዞ ሳይውጠው ይቀራል። ፀሐይ ላይ ሆኖም ይንቀጠቀጣል። ከአሥራ ሰባተኛው ቀን ጀምሮ መናገር አቆመ። ታረቀኝ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ አለቀሰና የአባቱን የንስሐ አባት አስጠራ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ሲወጡ፣ «እንግዲህ ለሁሉም ተዘጋጁ» አሉት።

በሃያኛው ቀን ረፋድ ላይ ፈንታ መጣ። ፈንታ የድንበሩ የድሮ ጫኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቅሎዎቹን ሲጭንና ሲያራግፍ አብሮት የዞረ፣ አሁን ሩቅ ቀበሌ ጡረተኛ ሆኖ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። መውደቁን ዘግይቶ ሰምቶ በእግሩ መጣ። ገብቶ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ፤ በአልጋው አጠገብም ተቀመጠ። ሌላው ሰው ያወራል፤ እሱ አያወራም። አፍንጫውን ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ አደረገ።

«ታረቀኝ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ይህን ሽታ አውቀዋለሁ።»

«ወጌሻው የቀባው መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት አይደለም። አባትህ ገጣባ ወጥቶበታል።»

ገጣባ ማለት ጭነት በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ የሚያወጣው ቁስል ነው። ለሰው አይነገርም፤ ለሰው ከተነገረ ስድብ ነው። ታረቀኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

«አንተ፣ ስንት ዓመት እንጀራውን የበላኸውን ሰው አህያ ልትለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?»

ያን ጊዜ፣ ሦስት ቀን ዝም ያለው ሰውዬ ከአልጋው ተናገረ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«ተወው። አህያ ብሆንማ ኖሮ ፈንታ ይሄኔ ጭነቱን አውርዶልኝ ነበር።»

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ድንበሩ ዓይኑን ወደ ፈንታ አዞረና፣ «ለመሆኑ ምን ተጭኜ ነው? ጭነቱ የት አለ?» አለው።

«ራስዎን ነዋ፣ አያ ድንበሩ። በቅሎውም እርስዎ፣ ጭነቱም እርስዎ። ሃያ ቀን ሙሉ ማን አወረደልዎ?»

ፈንታ ጋቢውን ገልጦ ማየት ጠየቀ። ታረቀኝ እምቢ አለ። «ነውርም ነው፣ አደራም አለብኝ» አለ። «አይነቃነቅ ተብሏል። እግሩ ቢጠምስ? አንተ ነህ የምትጠየቀው?»

ማሪቱ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሃያ ቀን ሙሉ ያበላችው እሷ፣ ሃያ ቀን ሙሉ ያላየችውም እሷ ናት። ያ ተረከዝ ትዝ አላት። «ጀርባዬን አቃጠለኝ» ያለው ትዝ አላት። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ኋላ አሰረች፤ እጇን ታጠበች፤ አማተበች።

«እግሩ ቢጠም በእኔ ይሁን» አለች ለባሏ። «አንተ ፊትህን አዙር ከፈለግህ። እኔ ግን አየዋለሁ። ገላው ነውር ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ አለማየቴ ግን እየገደለው ነው።»

ታረቀኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ። ፈንታ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላው በኩል ሆኑ። ጭነት ሲያነሱ እንደሚያደርጉት፣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ገጥመው፣ የታሰረውን እግር ከጭኑ ጋር እኩል ይዘው፣ ትከሻውንና ዳሌውን ባንዴ ወደ ጎን አዞሩት። ቁርበቱ ከገላው ጋር ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። በለብታ ውሃ እያራሱ ቀስ በቀስ አላቀቁት። ከወገቡ በታች፣ ጅራት አጥንቱ ላይ፣ የማሪቱን መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበር። መሀሉ ጠቁሯል፤ ዳሩ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ዳሌው ላይ ሌላ፣ ትከሻው ላይ ሌላ ትንሽ ጀምሯል።

ታረቀኝ ሳያስበው ዞሮ አየ። ከዚያ በኋላ ፊቱን አላዞረም።

«እንዴት ሳንነካው ቆሰለ?» አለ። እውነቱን ነበር የሚጠይቀው።

«ስላልነካችሁት ነዋ» አለ ፈንታ። «ሥጋው በአጥንቱና በቁርበቱ መሀል ተጨፍልቆ ከረመ። የተጨፈለቀ ሥጋ ደም አያልፍበትም፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ይሞታል። አንተ ተኝተህ ሳለ ስንቴ ትገላበጣለህ? ሳታውቀው ነው የምትገላበጠው። እሱን ግን እንዳይገላበጥ ያዛችሁት።»

ከዚያ ለማሪቱ ሥራውን አሳያት። «እኛ መንገድ ላይ ስናድር» አላት፤ «ራሳችን ውሃ ሳንቀምስ መጀመሪያ ጭነቱን እናወርዳለን። ከጭነቱ ስር ያለውን መደላድል አንስተን የበቅሎውን ጀርባ በመዳፋችን እንዳብሳለን። ቆዳው ደህና መስሎ ሳለ መዳፍሽን የሚያቃጥልሽ ቦታ ካለ፣ ወይ ጠጠር ብሎ ካገኘሽው፣ ነገ የሚቆስለው እሱ ነው። ዓይን ከማየቱ በፊት እጅ ያውቃል። አጥንት ከቆዳ የቀረበበትን ቦታ ሁሉ ዳብሽ፤ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ ክርኑን፣ የጆሮውንም ጫፍ ሳይቀር። የቆሰለውን ግን እንዳታሺው፤ ጭራሽ በሱ በኩል እንዳታስተኚው።»

ቁርበቱ ተነሳ። ፈንታ ጥሩ ገለባ አስመጥቶ፣ በስሱ ጨርቅ እየሞላ ትናንሽ ትራሶች ሰፋ። አንዱን በጉልበቶቹ መሀል፣ አንዱን በጀርባው በኩል፣ አንዱን ከባቱ ስር አደረጉ፤ ተረከዙ ምንም ሳይነካው አየር ላይ ቀረ። ቁስሉን ጨው ገብቶበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጠቡት፤ ንጹሕ ማር ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት። ለወጌሻውም ሰው ተላከበት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ማሪቱ ከብቶቹ ሲወጡ ታዞረዋለች፣ ፀሐይ ደጃፉን ስትረግጥ ታዞረዋለች፣ ጥላው ምሰሶው ጋ ሲደርስ ታዞረዋለች፤ ሌሊቱን ደግሞ ታረቀኝ ተራውን ያዘ። ድንበሩ ሲያዞሩት ያመዋል፤ ሲያመው ይሰድባታል።

«ገደልሽኝ፤ ማን ነው ይችን ያመጣብኝ?»

«ልጅዎ ነው ያመጣኝ አባባ። በሉ ትንፋሽ ይያዙ።»

ትሰደባለች፣ ታዞረዋለች። ከቁስሉ ሕመም ይልቅ ያስፈራት የእግሩ ነገር ነበር። ባሏ ምንም አይላትም፤ ግን ባዞረችው ቁጥር የታሰረውን እግር ያያል። ልጅ ሆና የተማረችውን ጸሎት ሁሉ ደገመችው። እግሩ ጠሞ ቢቀር በዚያ ቤት ፊቷን ቀና አድርጋ መኖር እንደማትችል ታውቃለች።

በአራተኛው ቀን ወጌሻው ደረሰ። ታረቀኝ ከበሩ ሳይገባ ያዘው፤ እግሩን እንዳዞሩት፣ እንዳነቃነቁት ሁሉንም ነገረው። ወጌሻውም ገብቶ ተንበረከከና እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ማሪቱ ትንፋሿን ይዛ ቆመች።

«አጥንቱ ቦታውን አልለቀቀም» አለ ወጌሻው። ከዚያ ቁስሉን አሳዩት። ለረጅም ጊዜ አየው።

«እንዳይነቃነቅ ያልኩት እግሩን እኮ ነው» አለ። «ያሰርኩት እግሩን ነው እንጂ ሰውየውን አሰርኩት?»

«እርስዎ ‹አርባ ቀን እንዳይነቃነቅ› ብለው ወጡ» አለው ታረቀኝ። «እኛ ምን እናውቃለን?»

ወጌሻው ቁስሉን መልሶ ሸፈነ። «ቸኩዬ ነበር» አለ። «ግማሹን ነግሬያችሁ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው።» በዚያ ቀን ማንም አላቻኮለውም፤ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚያዞሩት፣ እግሩን እንዴት ደግፈው እንደሚይዙት አንድ በአንድ አሳያቸው። ሲሄድም በር ላይ ቆሞ አልተናገረም። ማሪቱን አስቀምጦ የነገራትን ሁሉ መልሳ እንድትነግረው አደረገና ሄደ።

ድንበሩ መብላት ጀመረ። እንቁላል፣ ወተት፣ የምስር ወጥ ያቀርቡለታል፤ ቁስል ከውስጥ ካልበሉለት አይሞላምና። ጉልበት ሲያገኝ ስድቡ ወደ ቀልድ ተለወጠ። «ዛሬ ደግሞ በየትኛው ጎኔ ልብሰል?» ይላታል። «እንደ ቂጣ ጨረስሽኝ እኮ።» እሷም፣ «አሁን በቀኝ በኩል ነው አባባ፤ ግራዎ አርሯል» ትለዋለች።

የተሰበረው እግር በአርባ ቀኑ ገጠመ። በሃያ ቀን የወጣው ቁስል ግን አምስት ወር ፈጀ። ድንበሩ በዱላ ተደግፎ ደጃፉ ላይ ፀሐይ መሞቅ ከጀመረ በኋላ እንኳን በጎኑ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን ታረቀኝ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲከነክነው የኖረውን ጠየቀው።

«አባባ፣ ያን ያህል ሲያምዎ ለምን አልነገሩንም?»

«አንዴ ነገርኩ» አለ ድንበሩ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረበትም። «‹ይቻሉት› ተባልኩ። ቻልኩት።»

ማሪቱ ይህን ከቤት ውስጥ ሆና ሰማች። የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ ወጣችና በአማቷ እግር ስር ተንበረከከች። ድንበሩ ግን ክንዷን ይዞ አነሳት።

«ተነሺ» አላት። «እንዲህ የሻከረ እጅ ይቅርታ አይጠይቅም። እጅሽን እይው እስቲ። ውሃና ጨው በልቶታል። እኔ የምኖረው በዚህ እጅ ነው።»

በሚቀጥለው ክረምት ከወንዙ ማዶ አንዲት ባልቴት በብርድ በሽታ አልጋ ያዘች። ሴቶች ተሰብስበው ሊጠይቋት ሄዱ፤ ማሪቱም አብራ ሄደች። እንደ ወጉ ሁሉም «እግዜር ይማርሽ» እያሉ በየመደቡ ተቀመጡ። ማሪቱ አልተቀመጠችም።

«ዛሬ ማን አገላበጣት?» ብላ የሴትየዋን ልጅ ጠየቀቻት።

«ኧረ እኛስ እንዳያማት ብለን በስንት ጥንቃቄ ነው የያዝናት» አለች ልጅቷ። «ጫፏንም አንነካትም።»

ሴቶቹ እርስ በእርስ ተያዩ። አንዷ፣ «ይቺ ደግሞ በሰው ቤት ምን ታዛለች» ብላ ስታንሾካሹክ ተሰማ። ማሪቱ እጇን ታጥባ፣ በእሳቱ አሙቃ፣ «እናቴ ይፍቀዱልኝ» አለችና መዳፏን በብርድ ልብሱ ስር ወደ ባልቴቷ ወገብ ሰደደች። ቆዳው አልቆሰለም። ግን ይፋጃል።

«ሳይቆስል ደርሰንበታል» አለች። «ነይ ልጄ፣ አንቺ በዚያ በኩል ያዢ።»

ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ አዞሯት። ባልቴቷ ጎኗ ሲያርፍ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ሳምንት ሙሉ ሲለበልበኝ ከርሟል» አለች። «ለመናገር አፍሬ ነው።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሽተኛን ማክበር ጥሩ ነው። ክብራችን ግን ጋቢ ሆኖ ቁስሉን ከሸፈነው፣ ያከበርነው ሰው በእኛው ክብር ስር ይበሰብሳል። የተኛ ሰው ራሱን መሸከም ያቃተው ሰው ነው፤ ሸክሙን ካላወረዱለት ራሱ ይጫነዋል። «እንዳይነካ» ማለት ቀላል ነው፤ ከእኛ የሚፈልገው ነገር የለም። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ መዳበስ፣ ያፈረበትን ጠይቆ ማወቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ጉልበት ይፈልጋል፣ ስድብም መቀበል ይፈልጋል። እግዚአብሔር ለታመመ ሰው ከሚልካቸው መድኃኒቶች አንዱ የሰው መዳፍ ነው፤ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነው፤ ከጎናችን ሰቅለነው ተቀምጠን ግን ለበሽተኛው «እግዜር ይማርህ» እንላለን።

በእናንተ ቤት፣ ወይም በጎረቤታችሁ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አለ? ምግቡን ማን እንዳበላው ታውቃላችሁ። ዛሬ ጀርባውን ማን አየው?